በደቦ የታጨደ ባጅ

እስቲ ይቺን ስልክ ተመልከቱ። መስታወቷ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ለስንጥቁ ግድ የለም፣ ከስንጥቁ ሥር ያለውን እዩልኝ። ወርቃማ ክብ አለ። ክቡ ውስጥ ኮከብ፣ ከኮከቡ በታች «ብቁ የሕፃናት ተንከባካቢ» የሚል ጽሑፍ። ቀጥሎ ስም፦ ፈይሩዛ። ዕድሜ፦ ሃያ አራት። ከጎኑ ፎቶ። ፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ ግን ሃያ አራትን የተሻገሩት ድሮ ነው። ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰው የሚያዩ ይመስል ካሜራው ላይ አፍጥጠዋል። ከሥራቸው «እንኳን ደስ አለሽ! በራስሽ ጥረት እዚህ ደርሰሻል» ይላል።

በዚህ ፎቶ ምክንያት አንዲት ሴት ከሥራዋ ልትባረር ነበር። ሴትየዋ ፈይሩዛ አይደለችም፤ ፎቶው ላይ ያሉት እናትም አይደሉም። ሀሊሜ የምትባል ሌላ ሴት ናት። ነገሩን ልንገራችሁ። መሳቅ ካሰኛችሁ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ትንሽ ብትናደዱልኝ ደስ ይለኛል።

ሀሊሜ የጢቾ ልጅ ናት። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ሰንፋ አይደለም፤ ታናናሾቿን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው። እንግዲህ ሕፃን መያዝ የጀመረችው ያኔ ነው፤ ያኔ ባጅ ልስጥሽ ያላት ሰው አልነበረም። ተድራ አሰላ መጣች። ባሏ የአቦምሳ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እሷም ገበያ ወጥታ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረች። የአሰላን ገበያ በሐምሌ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻላል። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ጠቅልሎ ቁልቁል ሲለቀው ሽንኩርቱ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

ከጎኗ የሚሸጡት ሴቶች ልጆቻቸውን «አንዴ ያዥልኝ» እያሉ ይተዉላት ነበር። አንዴው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ባዶ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋ ታስተኛቸዋለች፤ የሚያለቅሰውን በጀርባዋ አዝላ ሽንኩርቷን ትሸጣለች። አንድ ቀን አንድ ድርጅት መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ስማቸው ሲጠራ በጣም ደስ ስለሚላቸው ነው። ሣጥን ውስጥ የተኙትን ልጆች ፎቶ አነሱ፣ አለቀሱ፣ ሄዱ። እውነቱ ይነገርና፣ ተመልሰውም መጡ። ከገበያው ጀርባ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ሠርተው፣ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ አስለው፣ «የሕፃናት ማቆያ» ብለው ሰሌዳ ሰቀሉ። ሀሊሜን «ረዳት ተንከባካቢ» ብለው ቀጠሯት። የማን ረዳት እንደሆነች እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

ቆይተው ሁለት ሰው ጨመሩ። አንዷ ተናኘወርቅ ናት፤ ባሏ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከደብረ ማርቆስ ሲመደብ አብራው የመጣች፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት። ሌላዋ ፈይሩዛ ናት፤ የአሰላ ልጅ፣ ጣቷም ምላሷም ፈጣን፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ቤት ውስጥ በጽዳትና በመላላክ የሠራች። ሦስቱ ሴቶች ያንን ቤት እየሞቀም እየበረደም ይዘውት ከረሙ።

ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልእክት መጣ። ተንከባካቢ ሁሉ በስልክ ሥልጠና ይወስዳል፤ አንድ ትምህርት በጨረሰ ቁጥር ዲጂታል ባጅ ይሰጠዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ባጁን ያላሟላ ሰው ከሕፃን ጋር አይውልም።

«ምንድን ነው የሚሰጡን?» አለች ሀሊሜ።

«ባጅ» አለች ፈይሩዛ።

«ደረት ላይ የሚንጠለጠለው?»

«አይደለም፣ ስልክ ውስጥ የሚቀመጥ።»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

«አዲስ አበባ ያሉት ናቸዋ።»

«ልጆቹን ሳያዩ ባጁን ያያሉ?»

«ሜ፣ እባክሽ ተይኝ ሀሊሜ! ይልቅ ስልክሽን አምጪ።»

ሀሊሜ መጀመሪያ ብቻዋን ሞክራለች፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች አንብባ፣ መልስ ያለችውን ነካች። ፊቱን ያጨማደደ ቢጫ ነገር ብቅ አለና «ደግመሽ ሞክሪ» አላት። ደገመች። አሁንም አኮረፋት። በማግስቱ ሥራ ስትገባ፣ «ሕፃን ሲያኮርፈኝ አባብለዋለሁ፤ ይሄን ምን ላድርገው?» አለች። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሽንኩርቱ የምትመለሰው እሷ መሆኗን ሦስቱም አውቀውታል። ሌሎቹ ባል አላቸው። እሷ ያላት ያ ቤትና በየጠዋቱ እየሮጡ ጉልበቷ ላይ የሚጠመጠሙት ልጆች ናቸው።

ያን ጊዜ ነው ደቦ ትዝ ያላት።

ደቦን ለማያውቅ ከተሜ ላስረዳ። ገብስህ ደርሶ ዝናብ ከመጣብህ ጎረቤት ትጠራለህ። የጠራ ያበላል። ዛሬ ለአንተ ያጨደ ነገ አንተ ታጭድለታለህ። «ይቺን ዛላ እኔ ነኝ ያጨድኳት» የሚል ሰው የለም፤ ቢል ይሳቅበታል። መምጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ ቦታውን ባዶ አይተውም፤ ወንድሙን፣ እህቱን፣ የተገኘውን ይልካል። የተላከው ሰው እንደ ላኪው ይቆጠራል። ሀሊሜ ያደገችበት ሕግ ይህ ነው፤ ከመንግሥትም ከድርጅትም ሕግ ይልቅ አጥንቷ ውስጥ የገባው እሱ ነው።

«ደቦ ጠርቻለሁ» አለቻቸው። «ልጆቹ ሲተኙ። ጩኮ ከእኔ።»

ጩኮ ማለት የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚበላው ነው። አርሲ ውስጥ ጩኮ ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። ተናኘወርቅ ግን ለመከበር ያህል ተግደረደረች።

«እንዴ፣ ፈተና እኮ ነው! ኩረጃ ይባላል ይሄ።»

«ኩረጃ ማለት የሰው ማሳ ገብቶ ሰርቆ ማጨድ ነው» አለች ሀሊሜ። «እኛ ተጠርተን ነው የምናጭደው።»

ተናኘወርቅ ትንሽ አሰበች። መነጽሯን ፈለገች። ፈይሩዛ ከግንባሯ ላይ አውርዳ አፍንጫዋ ላይ አስቀመጠችላት። ደቦው ተጀመረ።

ማሳውን ተከፋፈሉት። ስለ ምግብ የሚጠይቀውን ተናኘወርቅ፤ ስለ ልቅሶ፣ ስለ ጠብና ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀውን ሀሊሜ፤ ስለ አደጋና ስለ መጀመሪያ እርዳታ የሚጠይቀውን፣ መድኃኒት ቤት ስለ ከረመች፣ ፈይሩዛ። አንዷ መልሱን ስትናገር በሦስቱም ስልክ ላይ ይነካል።

«‹አንድ ሕፃን ሌላውን ነከሰው። ምን ታደርጊያለሽ?›» ብላ ተናኘወርቅ ታነባለች።

«የቱ ልጅ ነው የነከሰው?» ትላለች ሀሊሜ።

«አልተባለም።»

«ሳይነገረኝ እንዴት ልመልስ? ሚፍታ ከሆነ እርቦት ነው። የሰዓዳ ልጅ ከሆነች ጥርስ እያበቀለች ነው።»

«ኧረ በጌታ፣ አራት ምርጫ ነው ያለው፣ አንዱን በይ!»

«ጥያቄው ጎዶሎ ነው በያቸው።»

«እሱ ምርጫ ውስጥ የለም!»

በመጨረሻ አንዱን ትመርጣለች፤ ስልኩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ኮከብ ይበተናል። ሦስት ስልክ ባንዴ ጥሩምባ ሲነፋ የተኙት ልጆች ብንን ይላሉ። መጀመሪያ ያለቅሱ ነበር። በኋላ ኮከቡን ወደዱት። ጥቂት ቆይተው ጭራሽ ኮከብ ካልወጣ አንተኛም ማለት ጀመሩ።

ተናኘወርቅ ይህን አየችና ተንኮል አሰበች። ቅንጬውን ጨርሶ ሳህኑን ባዶ ላሳየ ልጅ ኮከቡን አሳየዋለሁ አለች። ለጥቂት ቀን ጉድ የሚያሰኝ ነገር ሆነ፤ ሳህኖቹ የታጠቡ ይመስል ተላልሰው ይመለሱ ጀመር። የሦስት ዓመቱ ሚፍታ፣ ለወትሮው ማንኪያ ሲያይ የሚሸሸው፣ አንደኛ ወጣ። ኮከብ በኮከብ ሆነ። የሚገርመው ግን ሚፍታ እየከሳ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅ እየወፈረ መሄዱ ነበር። አንድ ቀን ሀሊሜ ከበሩ ጀርባ ቆማ አየችው። ሚፍታ ማንኪያውን ሞልቶ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ የጎረቤቱ አፍ ውስጥ ይከተዋል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እጁን አውጥቶ «ኮከብ!» ይላል።

እኔ በዚህ ልጅ አልፈርድም። የተጠየቀው ባዶ ሳህን ነው፣ ባዶ ሳህን አመጣ። ሆድህ ሞላ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ይህን ነገር በትልልቅ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ባጅ የሚነድፉ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ቢጽፉት እወድ ነበር፤ ግን ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት የራሳቸውን ባጅ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ፈይሩዛ አቦምሳ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ነበራት። ቀኑ አይለወጥም፤ ሰርጉም አይለወጥም። ታዲያ ልጆቹ እንደ ተኙ በሩ ተንኳኳ። የፈይሩዛ አማት ናቸው፤ አዴ ኦብሴ፣ እማማ ኦብሴ እንደ ማለት ነው። ስልኳን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጅቱ ሰርግ ሄዳለች» አሉ። «ቦታዋ ባዶ አይታይም ብዬ መጣሁ። የቱ ጋ ነው የሚታጨደው?»

ልብ በሉ፤ ፈይሩዛ ያለ ስልኳ ሽንት ቤት የማትሄድ ልጅ ናት። ስልኳን ትታ አቦምሳ ድረስ መሄዷ ደቦውን ምን ያህል እንዳከበረችው ያሳያል። ስልኩ ተከፈተ። «ፊትሽን ክቡ ውስጥ አስገቢ» አለ።

«እንዴ፣ ፎቶ ነው እኮ!» አለች ተናኘወርቅ። «የፈይሩዛን ፊት ነው የሚፈልገው።»

«የተላከ ሰው እንደ ላኪው ነው» አለች ሀሊሜ። «እናቴ፣ ፊትዎን ያስገቡ።»

አዴ ኦብሴ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አስገቡ። ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉ ሴት ስለሆኑ በየጥያቄው ላይ አስተያየት ነበራቸው፤ ለአንዳንዱም «ይሄን የጠየቀው ሰው እናት የለውም?» እያሉ ነበር። ሁሉም አለቀ። ሦስቱም ስልኮች እስከዚያ ድረስ ያልተሰማ ረጅም ጥሩምባ ነፉ።

ሀሊሜ ባጁን ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ አልሆነላትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ አሳተመችው፤ ላስቲክ አስለብሳ፣ ክር አስገብታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እንዲያ ሆና ገበያ መሐል አለፈች።

«ሀሊሜ፣ ኢንጂነር ሆንሽ እንዴ?» አላት ድንች ሻጩ ሁሴኖ።

«ገና ነኝ። አንተን አሳድጌ ስጨርስ ነው የሚሰጡኝ።»

ገበያው ሳቀ፤ እሷም ቀና ብላ አለፈች። ሽንኩርት የሸጠችበት ቦታ ስትደርስ ግን ፍጥነቷን ጨመረች አሉ ያዩዋት።

ሳምንት አልሞላም፣ መልእክት መጣ። የሦስቱም ባጅ ታግዷል። ቀጥሎም መክሊት መጣች።

መክሊት የሥልጠናው አስተባባሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ በኮንትራት መኪና የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጫማዋ የአሰላ ጭቃ ውስጥ የተቀበረባት ወጣት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን መጻፍ በቀለለኝ። አልነበረችም። ገና ስትገባ ሦስት ልጆች እግሯ ላይ ተጠመጠሙ፤ አንዱን አንስታ አቀፈችው፤ ተመቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ያንን ፎቶ ለፈይሩዛ አሳየቻት።

«ይህ አንቺ ነሽ?»

ፈይሩዛ ፎቶውን አየችው። ቀና ብላ መክሊትን አየቻት።

«ሲደክመኝ እንዲህ ነው የምመስለው።»

ተናኘወርቅ ፊቷን ወደ ቀጭኔው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። መክሊትም ከንፈሯን ነክሳ ነው ያለፈችው። ሳቁ ግን እዚያ ላይ አበቃ። መክሊት ሀሊሜን ለብቻዋ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ይዛት ገባች።

«ወይዘሮ ሀሊሜ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «የሦስታችሁም መልስ አንድ ነው። ስህተቱ እንኳ አንድ ነው። ነገር ግን ቀድመው የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት። ‹ሌሎቹ ከእኔ ገልብጠው ነው› ብለው ቢፈርሙልኝ የእርስዎ ባጅ ይለቀቃል። ሥራዎም አይነካም።»

«እነሱስ?»

«በእነሱ ቦታ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ልጅ ስሟን እየጠራ ነበር። ሀሊሜ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እርጥብ ግን አልነበረም።

«ልጄ፣ ደቦ ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ገብሱ ቢበሰብስ ደቦ የመጣ ሰው አይጠየቅም። የሚጠየቀው የጠራው ነው። የጠራሁት እኔ ነኝ። አልፈርምም።»

መክሊት ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ማሳ አይደለም እኮ እማማ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ሕፃን ባቄላ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ትንፋሽ ቢያጥረው ምን ያደርጋሉ?»

«እሱ የፈይሩዛ ነው» አለች ሀሊሜ ሳታስበው። «እሷን እጠራታለሁ። እዚሁ ናት።»

«ፈይሩዛ ሰርግ ሄዳለች እንበል።»

ሀሊሜ ወደ ግቢው በምታሳየው ትንሽ መስኮት ተመለከተች፤ ሚፍታ ቁጭ ብሎ የሆነ ነገር እያኘከ ነበር።

«‹አዴ ኦብሴን ትልካለች› ብዬ ላስቅሽ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግን አያስቅም።»

«አያስቅም» አለች መክሊት።

«ባጁን ውሰጂው። የሦስታችንንም ውሰጂ። ሥራውን ግን ለጊዜው አትንኪብን። ያልተማርኩትን እማራለሁ። ከዚያ መጥተሽ በአፌ ጠይቂኝ፤ እሱ ቢጫው ነገር አይጠይቀኝ፣ አንቺ ጠይቂኝ።»

መክሊት ወጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች፤ ዝናብ ላይ ቆማ ብዙ ተከራከረች። ስትመለስ መልሱ ይህ ነበር፦ ወሩ ሲያልቅ እሷው ተመልሳ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ትፈትናለች። ያላለፈች ትሰናበታለች።

አሁን ቁጣዬን ላውጣ። እነዚህ ሰዎች ባጅ እስኪመጣ ድረስ ስንት ዓመት ሙሉ «ሕፃን ቢታነቅ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። ሪፖርቱ ላይ ኮከብ ሲጎድል መኪና ተከራይተው መጡ፤ እውቀቱ ሲጎድል የት ነበሩ? ለሀሊሜም አላዝንላትም። ገብስን ሌላ ሰው ያጭድልሃል፤ እውቀትን ግን ሌላ ሰው አውቆልህ አንተ ጎተራ አታስገባም። ሦስቱ ሴቶች ማሳውን የተካፈሉት የሚያውቁትን ለማካፈል አልነበረም፣ ጥሩምባው እንዲነፋላቸው ነበር። ልክ እንደ ሚፍታ። ሚፍታ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እነሱስ?

ደግነቱ ሲቆጧቸው የሚሰሙ ሴቶች ናቸው። በማግስቱ ልጆቹ ሲተኙ እንደ ገና ተሰበሰቡ፤ አሁን ግን ስልኮቹ ቦርሳ ውስጥ ቀሩ። ፈይሩዛ የአንድ ሕፃን ሹራብ ውስጥ ዱቄት ሞልታ፣ ጭንቅላቱን በጨርቅ አስራ መጣች።

«ይሄ ዓመት ያልሞላው ነው። በክንድሽ ላይ በሆዱ አስተኚው። ጭንቅላቱ ወደ ታች ይሁን፤ አገጩን ደግፊው። አሁን ትከሻውና ትከሻው መሐል በመዳፍሽ ምቺው።»

ሀሊሜ ትራስ የምታስተካክል ይመስል ቸብ አደረገችው።

«ምቺው!»

«ያመዋል!»

«ታንቋል እኮ ሀሊሜ! ምቺው!»

መታችው። ዱቄቱ ቡን ብሎ የተናኘወርቅን መነጽር ሸፈነው። ተናኘወርቅ በነጩ መነጽሯ ውስጥ ሆና፣ «አሁን ዳነ ወይስ ሞተ?» አለች። ሌላም የዱቄት ልጅ ተሰፋ፤ እሱም ተመታ። በኋላ ሀሊሜ ለምዳው፣ ፈይሩዛ «ኧረ ቀስ፣ እኔንም እንዳትመቺኝ» እስክትል ደረሰች። በሌላ ቀን ተራው የሀሊሜ ሆነ። ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ ተናኘወርቅን መሐላቸው አስቀምጣ፣ «አሁን ምንም አትበዪ» አለቻት። ደብረ ማርቆስ የተወለደች ሴት ምንም አለማለትን ለመማር ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ጠይቁ፤ ብዙ ነው።

መክሊት በቀጠሮዋ መጣች። መጀመሪያ ሀሊሜ ገባች። ከማብሰያው ክፍል የሚሰማው የመዳፍ ድምፅ ብቻ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስትወጣ ላብ በላብ ሆና ነበር፤ መክሊት ከኋላዋ ዱቄት ከጃኬቷ ላይ ታራግፋለች። ፈይሩዛ ገብታ እያወራች ወጣች። ተናኘወርቅ ግን የጠቡ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ከልማድ የተነሳ ጮክ ብላ፣ «ሀሊሜ!» አለች።

ሀሊሜ በሩ ጀርባ ነበረች። መልሱን ታውቀዋለች። ሥራዋ ተርፏል፤ የባልንጀራዋ ግን ገና ነው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ፈይሩዛ ደግሞ ለማረጋገጥ ያህል የራሷን እጅ ከላይ ደረበችበት። ቆይቶ የተናኘወርቅ ድምፅ፣ «ምንም አልልም፤ መሐላቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» ሲል ተሰማ። ፈይሩዛ እጇን አነሳች። የሀሊሜ ጉንጭ ላይ የጣቶች ምልክት ቀርቶ ነበር።

ሦስቱም አለፉ። ባጁ ተለቀቀ፤ ሀሊሜም ከልጆቿ ጋር ቀረች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ባቄላ የሚያኝክ ልጅ ባየች ቁጥር መዳፏን ታፍታታለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ በዝምታ አልፈው ነበር። ግን ባለፈው ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ባጅ መጥቷል። ስሙ «የቡድን ሥራ» ነው። ፈይሩዛ መመሪያውን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ይህን ፈተና ብቻሽን ሆነሽ፣ ከማንም ጋር ሳትመካከሪ ሥሪ።» ራሷ እየሳቀች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹ ሁሉ ነቁ። ተናኘወርቅ «ሌላ ጊዜ እንሥራው» አለች። ሀሊሜ ብቻ አልሳቀችም።

«ይሄን የጻፈው ሰው» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ ደቦ የጠራው የለም?»

የለም፣ ሀሊሜ። የጠራው የለም።

እናንተ ግን ይህን ያነበባችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ አንድ ሰው ባጁን፣ ሰርተፍኬቱን፣ ኮከቡን ሲያሳያችሁ «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉት። «ይሄን ያስተማረህ ማን ነው?» በሉት፤ ስም እስኪጠራላችሁም እጁን አትልቀቁት።